አራት ዙር ሳይሞላ

የሱቄ ግድግዳ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል። «አራት ዙር ሳይሞላ ራም አይወጣም» ይላል። ደንበኛ ቶሎ በልልኝ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ በጣቴ እሱን አሳያለሁ እንጂ አልከራከርም። በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ሕግ የጣስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የጣስኩትም ለሚስቴ ብዬ ነው።

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ ራም ከውስጥ ዕቃዎቹ አንዱ ነው፣ ዙሩ ደግሞ የፍተሻው። ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸውን እየፈታሁ፣ ያልተበላሸውንም እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ሱቋን ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ጋር እንጋራታለን፤ እሱ መስኮቱ ጋ፣ እኔ ጓዳው ውስጥ። ጋሼ ነው የምለው። «አንተ በዓይን የማይታይ ነገር ትጠግናለህ፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ የማያየውን» ይላል መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ።

ሚስቴ የመናኸሪያ ተናጋሪ ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪኖቹን መነሻ ሰዓትና የመሳፈሪያውን ቁጥር በድምፅ ማጉያ ስትናገር ኖራለች። ከተማው ፊቷን አያውቀውም፤ ድምጿን የማያውቅ ግን የለም። ገበያ ገብታ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቅ ሰው ዞር ይላል። አንድ ጊዜ ባለሱቁ «እመቤቴ፣ እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?» ቢላት፣ ድምጿን ሞላ አድርጋ «መንገደኞች ሻንጣችሁን ጠብቁ» አለችው። ሰውየው ሳያስበው ሚዛኑን ሳብ አድርጎ ያዘ።

ሐኪሙ የነገረንን የነገረን ቀን ቤት ገብታ አለቀሰች። በማግስቱ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና «ድምፄን ቅረጽልኝ» አለችኝ። «ለልጄ።»

ልጃችን ያኔ አስር ዓመቷ ነበር። ቁጭ ማለት ስለማታውቅና ሁልጊዜም ከራሷ የሚበልጥ ነገር ተሸክማ ስለምትገኝ ጉንዳን ነው የምንላት።

«በየልደቷ አንድ አንድ ይሁን?» አልኳት።

«አይሁን። ሰው በቀን መቁጠሪያ አይከፋውም። የሚያስፈልጋት ነገር ሲገጥማት ትክፈተው።»

ቁጥር የተሰጠው ዝርዝር ጻፈችና የቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፈችው። አንድ፣ ስትፈሪ። ሁለት፣ ጸጉርሽን ራስሽ መሥራት ስትጀምሪ። ሦስት፣ አባትሽ ሲያናድድሽ። አራት፣ መዋሸት ሲያምርሽ። እንዲህ እያለ እስከ አስራ አራት ይሄዳል።

የቤታችን ላፕቶፕ አሮጌ ነው። ራሙ ሁለት ጊጋ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ እንደ መናኸሪያ ማስታወቂያ አጫጭር ሆነው ወጡ፤ አንዳቸውም አንድ ደቂቃ አይሞሉም። ልማድ ነው። ስድስተኛው ላይ ግን ምላሷ ተፈታ። እያወራች፣ እየሳቀች፣ እያረፈች አስራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሄደች። ከዚያ ማሽኑ ደረቀ። ጠቋሚው አይንቀሳቀስ፣ ቁልፉ አይመልስ። አጥፍቼ ሳበራው የቀረ ነገር የለም።

አልተቆጣችም። «ደክሞኝ ነበር እኮ የተናገርኩት» ብቻ አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ራሙ ጠቦ ነው» አልኳት።

«ራም ራም ትላለህ፤ ምንድን ነው እሱ?»

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሰሌዳው ማስረዳት ጀመርኩ። ትንሽ ሰማችኝና እጇን አነሳች።

«ቆይ። ዲስኩ የመኪኖቹ ማደሪያ ነው በለኝ። ሁሉም እዚያ ነው የሚያድረው። ራሙ ደግሞ መሳፈሪያው ነው። አሁን ሥራ ላይ ያለው መኪና እዚያ ላይ ይቆማል። መሳፈሪያው ከጠበበ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ መሳፈሪያው ላይ የነበረው ይቀራል፤ ማደሪያ የገባው ግን አይነካም።»

«ሱቅ መጥተሽ ለደንበኞቼ ለምን አታስረጂልኝም?»

«ድምፄን በነፃ አልሰጥም» አለች። እውነትም የድምፅ መቅረጫው ፕሮግራም ሴቭ እስኪደረግ ድረስ የሚናገሩትን ሁሉ ራሙ ላይ ነው የሚደረድረው። ብዙ በተናገረች ቁጥር ብዙ ቦታ ይይዛል።

ላፕቶፑ ሁለት የራም መግቢያ አለው፤ አንዱ ባዶ ነበር። ሱቅ ውስጥ ማያው ተሰባብሮ ባለቤቱ ለመለዋወጫ የተወልኝ ሌላ ላፕቶፕ ነበረኝ። ከእሱ አራት ጊጋ ራም አወጣሁ። ከጣት የማይረዝም ጠፍጣፋ ነገር ነው። ራም ዓይነት ዓይነት አለው። ከታች የተደረደሩት የብረት ጥርሶቹ መሃል ያለችው ክፍተት ከመግቢያው ጋር ካልገጠመች በግድ አይገባም፤ የእኛ ገጠመች። ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ጠረግኩና፣ ያገለገለ ራም ሁሉ ሳይፈተን ስለማይወጣ፣ በጠዋት የሱቁ ማሽን ላይ ሰክቼ መፈተሻውን አስነሳሁ። ፕሮግራሙ ራሙ ላይ ባለው እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነባል፣ ያስተያያል። አንድ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አራት ዙር ያልኩት ለማክበድ አልነበረም። አንዳንዱ ራም ቀዝቃዛ ሳለ ጤነኛ ይመስላል፤ ጥፋቱ የሚወጣው ሲሞቅ፣ ሦስተኛው ዙር አካባቢ ነው። ይህንን በደንበኞች ዕቃ ነው የተማርኩት።

አንደኛው ዙር ስህተት ዜሮ ብሎ አለቀ። ሁለተኛውን ሲጀምር ስልኬ ጮኸ።

«ዛሬ ድምፄ ደህና ነው» አለች። «ትንፋሼም አልተቆረጠም። ነገ እንደዚህ ላይሆን ይችላል።»

«ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ።»

«ከሰዓት በኋላ አላውቅም።»

ስልኩን ዘጋሁና ማሽኑን አጥፍቼ ራሙን ነቀልኩት። ጋሼ ከመስኮቱ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አየ።

«ሕጉስ?»

«ሕጉ ለደንበኛ ነው» አልኩት።

ቤት ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ላፕቶፑን ገልብጬ ፈታሁት። ራሙን አጋድሜ አስገባሁ፣ ተጫንኩት፣ ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ ብለው ያዙት። ስከፍተው ስድስት ጊጋ አሳየኝ።

«አሁን እንደልብሽ ተናገሪ» አልኳት። «መሳፈሪያው ሰፍቷል።»

«ሃያ ዓመት አሳጥሪ ሲሉኝ ኖሬ፣ አንተ ደግሞ አስረዝሚ በለኝ» ብላ ሳቀች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኙን ቀረጸች። እኔ ማድ ቤት፣ በሩ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ለልጇ ነውና አልሰማም ብዬ ምዬ ነበር። ጆሮ ግን በር የለውም፤ ከብዙዎቹ ቁራጭ ቁራጭ ሰምቻለሁ። ስትጨርስ ትጠራኛለች፣ ሴቭ አደርጋለሁ፣ የፋይሉን ስምና መጠን አያለሁ። መጠኑ ልክ ነበር። «እንስማው?» ስላት «ራሴን ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል» ትላለች። አልሰማነውም።

አንድ ቀን ማሽኑ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ተነሳ። የደንበኛ ማሽን ቢሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን ነበር። የእኛን ግን ሙቀት ነው አልኩና ከሥሩ መጽሐፍ አድርጌ ከፍ አደረግሁት። የማውቀውን ነገር እንዳላወቀ ሰው ሆንኩ። ምናልባት ራሙን ነቅዬ እንደገና ልፈትን ብላት የሚባክነው ቀን ከእሷ ቀን ላይ ስለሆነ ነው።

አስራ አራተኛውን በቀረጸች በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ከዚያ በኋላ ታላቅ እህቷ መጥታ አብራን ተቀመጠች። እትዬ ነው የምላት። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ሐዘኗ ግን በቁጣ ነው የሚወጣው። ወንበር ቢንሸራተት ትቆጣለች፣ ማንኪያ ቢወድቅ ትቆጣለች።

በአራተኛው ወር ጉንዳን ከትምህርት ቤት እያለከለከች ገባች። ከልብ ጓደኛዋ ጋር ተጣልታለች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ዝርዝሩን አየችና ዘጠኝ ቁጥርን፣ «ከጓደኛሽ ስትጣዪ» የሚለውን፣ ለመስማት ላፕቶፑን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። እኔ ዩኒፎርሟን እየተኮስኩ ነበር። ጥቂት ቆይታ በሩ ላይ ቆመች።

«አባ፣ እማ ተቆረጠች።»

ሄጄ ሰማሁት። ሁለት ደቂቃ ያህል ጥርት ብሎ ይሄዳል። «ጓደኛሽ ያለችው ነገር ያመመሽ፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ይሆናል» ትላለች። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ድምፅ ይመጣል። በመሃል አንድ ቃል ብቅ ትልና እንደገና ትሰምጣለች። ወደፊት አሳለፍኩት፤ እስከ መጨረሻው ያው ነው።

«ምን ነካሽበት?» አለች እትዬ ከኋላችን። «ባለፈው ሳምንት ከዚህ ላፕቶፕ ላይ ውሃ ስትጠርጊ አይቼሻለሁ! ብርጭቆ አጠገቡ አታስቀምጪ አላልኩሽም? እሷ የመጨረሻ ትንፋሿን ነው እዚህ ውስጥ ያስቀመጠችው፤ አንቺ ውሃ አጠጣሽው!»

«ትንሽ ነበር የፈሰሰው» አለች ጉንዳን።

እኔን አየችኝ። የማውቀው እኔ ነኝ፤ አባቷ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ውሃ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ውሃ ድምፅን ከመሃል ቆርጦ መጀመሪያውን አይተውም። የሱቄ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ፊቴ ድቅን አለ። «ሱቅ ወስጄ ልየው» ብቻ አልኩ።

በማግስቱ ራሙን ነቅዬ ፈተንኩት። አንደኛው ዙር ንጹሕ። ሁለተኛው ንጹሕ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀይ መስመር ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ማያው ከላይ እስከ ታች ቀላ። ጥፋቱ ሁሉ የራሙ ጫፍ አካባቢ ነው። በሚስቴ አነጋገር፣ መሳፈሪያው መጨረሻ ላይ ጉድጓድ አለ። ጥቂት መኪና ከሆነ እዚያ አይደርስም። መሳፈሪያው ሲሞላ ግን ከኋላ የቆሙት በየተራ ይገቡበታል። አጭር የተናገረችው ሁሉ ተርፏል። የጠፋው እንደልቧ የተናገረችው ነው። እንደልብሽ ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

አስራ አራቱንም አንድ በአንድ ከፈትኩ። አምስቱ የድሮዎቹ ደህና ናቸው። ከዘጠኙ አዲሶች ሁለቱ፣ ደክሟት ቶሎ የተወቻቸው፣ ሙሉ ናቸው። ሰባቱ ከመሃል ተበልተዋል። በፍላሽ የያዝኩት ቅጂም ያው ነው፤ የተበላሸ ነገር ቢገለበጥ የተበላሸ ነው። ከዲስክ የጠፋ ፋይል መልሼ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ማደሪያው ከመግባቱ በፊት የተበላሸ ስለሆነ የሚመለስበት ቦታ የለውም።

ጋሼ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። ቀዩን ማያ አየ። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ራሙን በነቀልኩ ቀን ሱቁ ውስጥ ነበር።

«ለልጅቷ ነግረሃታል?»

«እነግራታለሁ።»

«ሰዓት እንኳ ሲቆም ቆምኩ አይልም» አለ። «ዝም ብሎ የተሳሳተ ሰዓት ያሳያል።»

ሦስት ቀን ሳልናገር ቆየሁ። በሕይወቴ የማፍርበት ነገር ቢኖር እነዚያ ሦስት ቀናት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጉንዳን ላፕቶፑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። በሁለተኛው ቀን ወደ መኝታ ቤቱ ስትገባ እጇን ታጥባ፣ ጣቷን አንድ በአንድ አድርቃ ስትገባ አየኋት። እዚያ ክፍል ውሃ መጠጣት ተወች። ጠምቷት እንኳ ከሆነ ማድ ቤት ቆማ ጠጥታ አፏን በክንዷ ጠርጋ ነው የምትመለሰው። እትዬ ጉንጯን እንኳ አልሳመቻትም። እኔ በየቀኑ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ስለ እራት እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እትዬ ገበያ ሄዳለች። ጉንዳን ዝርዝሩ ፊት ቆማ በእርሳስ ምልክት ስታደርግ አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የማልከፍታቸውን እየለየሁ ነው። ከፈትኳቸው ይበላሻሉ።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ውሃው አይደለም» አልኳት።

እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

ሁሉንም ነገርኳት። ራሙን ከየት እንዳመጣሁ፣ አራት ዙር መፈተን እንደነበረብኝ፣ አንድ ዙር ላይ እንደነቀልኩት። እናቷ ስልክ እንደደወለች ግን አልነገርኳትም፤ ጥፋቱን ለሁለት መክፈል ይመስልብኛል። አንቺ ከመክፈትሽም፣ ውሃው ከመፍሰሱም በፊት ተበላሽቶ ነበር አልኳት። ሰባቱ አይመለሱም አልኳት።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሐሙስ።»

«አክስቴ ውሃው ነው ስትለኝ?»

«ያኔ ጠርጥሬያለሁ። በማግስቱ አወቅኩ።»

«ዓርብም ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«ዛሬ ጠዋት ቁርስ ስንበላም።»

«አዎ።»

አላለቀሰችም። እናቷም ስትናደድ አታለቅስም ነበር። ዝርዝሩን በጣቷ ወደ ታች ወረደች፣ ከዚያ ወደ ላይ ተመለሰችና ቆመች።

«ሦስት ቁጥር ይሠራል?»

ሦስት፣ አባትሽ ሲያናድድሽ። «ይሠራል» አልኳት። «ከድሮዎቹ ነው።»

«እንግዲያው አንተ ውጣ።»

ወጣሁ። ማድ ቤት ገብቼ ያቺው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፎጣው ሲፈታ ሰማሁ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ሰማሁ። ያንን ቁጥር ስትቀርጽ ሱቅ ስለነበርኩ ምን እንዳለች አላውቅም ነበር። ከዚያ ሚስቴ በመናኸሪያ ድምጿ፣ ሳቋን ጥርሷ ውስጥ ይዛ፣ እንዲህ አለች፦

«ለተናደዱ መንገደኞች በሙሉ። የአባትሽ መኪና ዛሬም ዘግይቷል። ይህ ሰው ጥፋቱን ለመናገር ቀናት ይፈልጋል፤ እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ጠብቄዋለሁ። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሲመጣ አሳፍሪው። ከጎንሽ ግን ወዲያው አታስቀምጪው። አመሰግናለሁ።»

ቀረጻው አለቀ። እንደገና ከፈተችው። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። የሁለቱን ሳምንት ነገር ግን አስታውሼዋለሁ። ስንጋባ እናቷ የሰጠቻትን የጆሮ ጌጥ ጥዬባት ነበር። ስነግራት «አሥራ አራት ቀን ሙሉ ፊትህን ሳይ ነበር፤ መቼ ትመጣ ይሆን እያልኩ» ነበር ያለችኝ።

እትዬ ከገበያ ስትገባ ዘንቢሉን ሳታስቀምጥ ነገርኳት። ዘንቢሉ ከእጇ ወድቆ ድንቹ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ዘንቢሉን ትታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ የጉንዳንን እጅ ይዛለች።

እራት ላይ ጉንዳን ወንበሬን ከጎኗ አንስታ ከጠረጴዛው ማዶ አደረገችው። «ከኋላ ነው የምትቀመጠው» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ማዶ በላሁ። አንድ ቀን ቀና ሳትል «በሩ ጋ ሆነህ ትሰማ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«ቁራጭ ቁራጭ።»

«ጻፈው። ከራስህ ግን እንዳትጨምር።»

ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። ማሽኑ ያስቀረውን በሰማያዊ፣ እኔ የሰማሁትን በጥቁር እጽፋለሁ። ማሽኑም እኔም ያልያዝነው ቦታ ላይ መስመር ዘልዬ አልፋለሁ። ስጽፍ የምሰማው ቃሉን ብቻ አይደለም። ስትስል፣ ትራሷን ስታስተካክል፣ «የት ደረስኩ?» ስትል ጭምር ነው። እሱንም እጽፈዋለሁ። ጉንዳን አንድ በአንድ ታየዋለች። «‹የእኔ እመቤት› አላለችም፤ ‹አንቺ ጉንዳን› ነው የምትለኝ» ብላ አንድ ቦታ አሰረዘችኝ። ልክ ነበረች። ሌላ ቀን ደግሞ ያቺን የተጣላቻትን ጓደኛዋን አምጥታ ዘጠኝ ቁጥርን አስነበበቻት፤ ባዶው መስመር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አዩት፣ ከዚያ ታረቁ መሰለኝ፣ አብረው ወጡ።

ራሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መጣሉንም አልቻልኩም፣ ማየቱንም። አዲስ ራም ሲገባ ጋሼ ሳልጠይቀው «ስንተኛው ዙር ነው?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ።

ትናንት አስራ አራት ቁጥር ላይ ደረስኩ። «እናት ስትሆኚ» የሚለው ነው። ከሁሉም የረዘመው እሱ ነው፤ አርባ ደቂቃ። ማሽኑ ያስቀረው ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። እሱንም ሰላምታና ሳል ወስዶታል። ያን ቀን ሚስቴ «ይሄኛውን በሩ ጋ ሆነህም እንዳትሰማ» ብላ ሱቅ ልካኝ ነበር። ሄድኩ። ሰማያዊውን ጽፌ ጨረስኩና የቀሩትን ገጾች ባዶ ተውኳቸው።

ጉንዳን ከትከሻዬ በላይ ሆና አየችው።

«እዚህ ጋ ምን አለች?»

«አላውቅም» አልኳት። «አልሰማሁም፤ ማሽኑም አልያዘውም። በእኔ ምክንያት ነው።»

ሳልውል ሳላድር ነው የነገርኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ባዶዎቹን ገጾች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች።